አስቴር ያጠበችው ሰዓት

ክቡራትና ክቡራን፣ ኢንጂነር ሚካል፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ድንኳን ለተከላችሁ፣ ወንበር ለደረደራችሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ድስት ላይ ቆማችሁ ለዋላችሁ ሁሉ እጅ እነሳለሁ። ማሽኖቹ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንዲቆሙ የፈቀደችው ኢንጂነር ሚካል ናት። የሚስማር ፋብሪካ ማሽን አቁሞ ሰው ሲሸኝ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ አላየሁም። ክብሩ የሚገባኝ ቢሆን ኖሮ ቀና ብዬ እናገር ነበር።

ኢንጂነር ሚካል ስለ እኔ የተናገረችውን ሰምታችኋል። "ጋሽ መኩሪያ የፋብሪካችን ሰዓት ነው፤ ፈረቃ ሳያዛንፍ የኖረ ሰው ነው" አለች። እናንተም አጨበጨባችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስታጨበጭቡ መሬት መሬት ታዩ ነበር። አይቻችኋለሁ። አይዟችሁ፣ እኔም መሬት መሬት ነበር የማየው።

ስንብት ላይ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ስንቱን ከዚሁ ግቢ ሸኝቻለሁ። ተሰናባቹ ይነሳና "በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ" ብሎ ይቀመጣል። ማንን በምን እንዳስቀየመ ግን አይናገርም። እኔም እንደዚያው ብዬ ልቀመጥ አስቤ ነበር። የግምጃ ቤታችን ተሾመች ናት "እንደሱ ብለህ ከተቀመጥክ ግማሹ ሰው ይስቅብሃል" ያለችኝ። ልክ ናት። ብዙዎቻችሁ ነገሩን ከፊል ከፊሉን ታውቁታላችሁ። በቅርብ የገባችሁ ደግሞ ነገ በሻይ ሰዓት ከሌላ ከምትሰሙት ዛሬ ከእኔ ስሙት።

ነገሩ እጄ ላይ ስላለው ስለዚህ ሰዓት ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አሰብ የሚመላለስ። ይህን ሰዓት አሰብ ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ገዛው። የስዊዝ ሰዓት ነው። ቀጭን፣ በእጅ የሚሞላ፣ የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪ ብቻ ያለው፤ ሰከንድ ቆጣሪ የለውም። አባቴ መኪናውን ነፋስ ስልክ አቁሞ ቤት ሲገባ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሳይፈታ ሰዓቱን ይሞላ ነበር። እሱ ሲያርፍ ለእኔ ደረሰኝ። ከወንድሞቼ አንዱ ቤቱን ወሰደ፣ አንዱ መኪናውን። እኔ ሰዓቱን ያዝኩና የተሻለው ደረሰኝ ብዬ አመንኩ። ቤት አከራዮቼ ግን እንደዚያ አላሰቡም።

የአሮጌ ሰዓት ፍቅሬን የማያውቅ እዚህ ማን አለ? ክበብ ውስጥ የምሰብከውን ስብከት ከእኔ እኩል በቃላችሁ ትወጡታላችሁ። "አሮጌ ሰዓት ባለቤቱን ይፈልጋል፤ ጠዋት ካልሞላኸው ይቆማል። አዲሱ ግን ኖርክ ሞትክ ግድ የለውም።" "የአሮጌው መስታወት ቢጫር በጥርስ ሳሙና አሽተህ ታስለቅቀዋለህ። የአዲሱ ሲጫር አዲስ ትገዛለህ።" "አሮጌው ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። አዲሱ ሲበላሽ ይጣላል።" ከዚያ እጄን እዘረጋለሁ። "ፊቱን እዩት። ድሮ ነጭ ነበር፣ አሁን ቅቤ መስሏል። ይህን ቀለም የትኛው ፋብሪካ ይሠራዋል?"

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። አሁንም ሰው ቢጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ። ነገር ግን ሰባኪ የሚገሥጸው ኃጢአተኛ ያስፈልገዋል። እኔ ያገኘሁት ኃጢአተኛ ጸጋአብ ነበር።

ጸጋአብን ታውቁታላችሁ፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያችን ነው። ያ የሚበራ፣ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት ያስራል። "ስንት እርምጃ እንደሄድኩ ይነግረኛል" ሲለኝ "አባቴ አሰብ ደርሶ ሲመለስ ማን ቆጠረለት?" አልኩት። "ሌሊት ምን ያህል እንደተኛሁ ያውቃል" ሲለኝ "እኔ መተኛቴን ራሴ አውቃለሁ" አልኩት። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ቻርጁ አልቆ ሰዓቱ ጠቆረበት። "ምነው፣ ራበው እንዴ? ጡጦውን ሳትይዝለት መጣህ?" አልኩ። ክበቡ በሳቅ ተናጋ። ጸጋአብም አብሮ ሳቀ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ክበብ ሲገባ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ይከት ጀመር። ሲከት አይቼዋለሁ። ያሸነፍኩት መሰለኝ።

ቀጥሎ ደግሞ ሐሞቴን ታምሜ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ነበረ፤ ታስታውሳላችሁ። ሰዓቱን ቤት መሳቢያ ውስጥ ትቼው ነው የሄድኩት። ባለቤቴ አስቴር ካረፈች ቆይታለች፣ ቤቱ ውስጥ የሚሞላው ሰው የለም። ድኜ ስመለስ መሳቢያውን ብከፍተው ሰዓቱ ይሄዳል። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ማንም ሳይነካው ያን ሁሉ ቀን መሄዱ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም? ነበረኝ። አልተጠቀምኩበትም። ሥራ በገባሁ ቀን ክበብ ውስጥ ቆሜ "አሮጌ ሰዓት ማለት ይህ ነው፣ ጌታውን ሳይቆም ጠበቀው" አልኳችሁ።

ዝም አላችሁ። አንድም ሰው አልሳቀም። ያን ዝምታ አድናቆት ነው ብዬ ወሰድኩት።

እነሆ ካለፈው ፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰዓቱ ቆመ። ሞላሁት፣ አልተነሳም። ደግሜ ሞላሁት፣ እንደዚያው። ሰዓቱን ለማጽዳት የምትወስድልኝ ተሾመች ናት፤ የግምጃ ቤት ኃላፊያችን፣ የአስቴር የልብ ጓደኛ። ከእሷ በፊት አስቴር ራሷ ነበረች የምትወስደው። "በዚያ በኩል አልፋለሁ፣ ስጠኝ" ይሉኛል፣ እሰጣለሁ። ያን ሰሞን ግን ተሾመች የዓመት ፈቃድ ወጥታ ወልቂጤ ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች። እጄ ባዶ ሆኖ መዋል ስላልቻልኩ ራሴው ይዤው ወጣሁ።

ነፋስ ስልክ መንገድ ዳር የመስታወት ሣጥን ዘርግቶ ሰዓት የሚጠግን ኑረዲን የሚባል ሰው አለ። አላውቀውም ነበር። ሰዓቱን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ቀና ብሎ አንድ ነገር አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እንደገና ቀና ብሎ አንድ ነገር አለኝ። አሁንም ነቀነቅኩ። ከዚያ ጀርባውን ከፈተው።

እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። የአባቴን ሰዓት ውስጡን አንድ ጊዜ በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ጥርስ በጥርስ የሚነካከስ ቢጫ ቢጫ ዘንግና መንኮራኩር ነበረው። አሁን የማየው ግን አንዲት ፕላስቲክና የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጠፍጣፋ ባትሪ ነው።

"ማሽኔስ?" አልኩት።

"የቱ ማሽን ጋሼ?"

"አሁን ያወጣኸው። ዓይኔ እያየ ነው የቀየርክብኝ?"

ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ባዶ ነው። እኔ ግን ጨልሞብኛል። "ሌባ" አልኩት። አንድ ጊዜ አይደለም ያልኩት። ሰው ተሰበሰበ፤ ካርድ ሻጩ፣ ጫማ ጠራጊው፣ ታክሲ ይጠብቅ የነበረው። አንዱ ጠብደል የኑረዲንን ኮሌታ ጨመደደው። "ሽማግሌ አይዋሽም" ይላል። ሌላው ፖሊስ ይጠራ ይላል። ኑረዲን የሚናገረውን የሚሰማው የለም። ከሁሉ በላይ እኔ አልሰማውም።

"ቆዩ፣ ምስክር አለኝ" አልኩና ተሾመች ጋ ደወልኩ። ስልክ ሳወራ ድምፁን ለቅቄ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጠየቀኝ ሰው ካለ "ጆሮ ላይ መለጠፍ ጨረሩ ጥሩ አይደለም" እል ነበር። ስለዚህ የሚቀጥለውን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም።

"ተሾመች፣ ሰዓቴ ምን ዓይነት ማሽን እንዳለው ለዚህ ሰውዬ ንገሪልኝ።"

ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

"ተሾመች፣ ትሰሚያለሽ?"

"የት ነህ መኩሪያ?"

"ነፋስ ስልክ። ሰዓቴን ላሠራ ብሰጠው ማሽኑን ሰርቆ ባትሪ ከተተበት።"

"ሰውየውን ተወው" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

እንደማልሰማ ታውቃለችና ጮኸች። "ተወው። ባትሪ ነው። ድሮም ባትሪ ነው። አስቴር ናት ያስቀየረችው፣ እሷ ከሄደች ወዲህ ባትሪውን የማስለውጥልህ እኔ ነኝ። ሰው አታስደብድብ።"

መንገዱ ሁሉ ሰማ። ኮሌታ የያዘው ሰው እጁን አላልቶ ጃኬቱን ያስተካክልለት ጀመር። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ ለኑረዲን ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

እኔስ ምን አደረግኩ? የተከፈተውን ሰዓት ከነክዳኑ አፍሼ ኪሴ ከተትኩና ሄድኩ። ይህን ልብ በሉልኝ። ይቅርታ ሳልል ነው የሄድኩት። ከተሰበሰበው ሰው መሀል አንገቴን ደፍቼ ስወጣ መንገድ ይለቁልኝ ነበር፤ ለሬሳ እንደሚለቀቀው።

ተሾመች ፈቃዷን አቋርጣ በማግስቱ ሀና ማርያም ቤቴ ድረስ መጣች። ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ሰዓቴን የቱታዬ ኪስ ውስጥ ረስቼው ገባሁ። አስቴር ቱታው በዘይት ስለተለወሰ በኦሞ ዘፈዘፈችው። ሰዓቱን ያገኘችው በማግስቱ ስታሽ ነው። ይዛው ያልሄደችበት ሰዓት ሠሪ የለም። ሁሉም "ውስጡ ዝጓል፣ መለዋወጫ የለውም" አሏት። በመጨረሻ አንዱ በልኩ የባትሪ ማሽን ገጠመላት። ከውጪ ሲያዩት ምንም አልተለወጠም። ያው ፊት፣ ያው ቆጣሪ፣ ያው ቀፎ።

ለውጡን ጣቴ አውቆት ነበር። ስሞላው እንደ ድሮው አልከበደኝም፣ ሞልቶ ቀጥም አይልም። "ምን ሆኖ ነው እንዲህ የለሰለሰው?" ብዬ አስቴርን ጠይቄያታለሁ። "ሰዓት ሠሪው ዘይት ቀብቶት ነው" አለችኝ። አመንኩ። ልመን ስለፈለግኩ አመንኩ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ምንም የማይሞላ ነገር ስሞላ ኖርኩ፤ እየሞላሁም በእናንተ ሰዓት እስቅ ነበር።

ተሾመችን "ለምን አልነገረችኝም?" አልኳት።

"ፈራች።"

"ምኔን ነው የምትፈራው? እጄን አንስቼባት አውቃለሁ? ሰድቤያት አውቃለሁ?"

"አታውቅም" አለች ተሾመች። "ግን ቤትህ እንግዳ በገባ ቁጥር ስለ ሰዓቱ ታወራለህ። የት እንደተገዛ፣ ማን እንዳሰረው፣ እንዴት እንደምትይዘው። አስቴር አጠገብህ ቁጭ ብላ ትሰማለች። አንድ ቀን ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? 'ተሾመች፣ እኔ ብሞት እንደ ሰዓቱ አድርጎ የሚያወራልኝ ይመስልሻል?' አለችኝ።"

ይቅርታ፤ ውኃ ልጎንጭ።

አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሚስቱ ሰዓት አረጠብኩ ብላ ለመንገር የምትፈራው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ራሴን ደግ ባል ነኝ እል ነበር። ለቅሶዋ ላይ የመጣችሁ ሰዎች ታስታውሱ እንደሆነ አላውቅም፤ ስለ እሷ ተናገር ስባል "ጥሩ ሴት ነበረች" ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ስለዚህ ሰዓት ግን ስናገር ሻያችሁ ይቀዘቅዝ ነበር።

አስቴር ሆስፒታል ተኝታ፣ መጨረሻዋ ላይ፣ ተሾመችን አደራ ያለቻት ስለ ቤት አይደለም፤ ስለ ራሷም አይደለም። "ባትሪውን አደራሽን፤ ሰው ፊት ቆሞበት እንዳያፍር" ነው ያለቻት።

ተሾመች አደራዋን ብቻዋን ልትወጣው አልቻለችም። አንድ ጊዜ እኔ ሥራ ጨርሼ ሰውነቴን እየታጠብኩ ሳለሁ ሰዓቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አየችው። ሮጣ የጠራችው ጸጋአብን ነበር። ጸጋአብ ከኤሌክትሪክ ክፍል ባትሪ አምጥቶ፣ ከፍቶ፣ ለውጦ፣ አስተካክሎ እኔ ሳልወጣ መልሶ አስቀመጠው። መቼ መሰላችሁ? ስለ ጡጦው በቀለድኩበት ሰሞን ነው። እሱ በእኔ ባትሪ ላይ ምንም አልቀለደም። ስወጣ "ጋሽዬ፣ ውኃው ሞቆ ነበር?" ብሎኝ ሄደ።

"ታዲያ ስንት ሰው ያውቃል?" አልኳት ተሾመችን።

"ሁሉም።"

"በረኛው ቱሉም?"

"ቱሉማ ባትሪው የሚያልቅበት ጊዜ ሲደርስ የሚያስታውሰኝ እሱ ነው" አለችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚያ ወዲህ እናንተ ፊት መግባት እንደ መራቆት ሆኖብኝ ነበር። በር ላይ ቱሉ "እንደምን አደርክ" ሲለኝ ምን እያሰበ እንደሆነ አስባለሁ። ነፋስ ስልክ ኑረዲን ያለበትን መንገድ ትቼ በውስጥ ለውስጥ ዞሬ እመላለስ ጀመር። ዕድሜ ልኬን በቀጥታ የሄድኩበትን መንገድ እንደ ባለ ዕዳ ተሸሽጌ አለፍኩት። እዚህም ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ፣ ዝም ብዬ ልጨርስና ልሂድ አልኩ።

ተሾመች ግን አለቀቀችኝም። "ሰውየውን መንገድ ላይ ሌባ ብለህ ቤት ውስጥ ሆነህ አታዝንለትም" አለችና ይዛኝ ሄደች።

ኑረዲን ሲያየኝ ደነገጠ፣ ተነሳ። ሽማግሌ ነኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ። ያን ወንበር መልቀቁ ከስድብ ይብስ ነበር። "ልጄ፣ በድዬሃለሁ" አልኩት። እንዲህ አለኝ፤ "ጋሼ፣ ሌባ ስላሉኝ አይደለም የከፋኝ። ሰው ይናደዳል። ሰዎቹ እኔን ሳይጠይቁ ወዲያው ማመናቸው ነው። እኔ እዚህ ቦታ ስንት ጊዜዬ ነው፣ የሁሉንም ሰዓት ሠርቻለሁ። እርስዎን የሚያውቅዎት አልነበረም። ሽበትዎን ብቻ አይተው አመኑ።"

 

ቀጥሎ የነገረኝ ነው ደግሞ ጉድ ያደረገኝ። "ሳልከፍተው በፊት እኮ ነግሬዎታለሁ" አለኝ። "'ይህ የባትሪ ነው፣ ባትሪው ሳያልቅ አይቀርም፣ ልክፈተው ወይ?' አልኩዎት። ራስዎን ነቀነቁ። እርግጠኛ ልሁን ብዬ ደግሜ ጠየቅኩዎት። አሁንም ነቀነቁ።"

እዚያው ቆሜ ገባኝ። አልሰማሁትም። ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ተከራክሬ ሰዓቴን ይዤ እሄድ ነበር።

በዚያች ዕለት የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ኑረዲን አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ካርድ ሻጩ ሲመጣ "ያን ቀን ሌባ ያልኩት በሐሰት ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው" አልኩት። ለጫማ ጠራጊውም ነገርኩት። ያን ኮሌታ የያዘውን ጠብደል እስኪያልፍ ጠበቅኩት፤ አለፈም፣ ነገርኩት። "አይ ፋዘር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ" አለኝ። እሱ ይረሳል። ኑረዲን አይረሳም። ፀሐይ እስኪከር ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ኑረዲን "ጋሼ፣ ይበቃል፤ ደንበኛዬን ሁሉ ንስሐ እያስገቡብኝ ነው" አለኝ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የሳቅነው።

እንግዲህ ስለ ጆሮዬ። ከሚስማር ማሽን ጋር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ጆሮው ምን እንደሚሆን አንድ ሰው ሊነግረን ያስፈልግ ነበር? እኔ ግን ደብቄዋለሁ። የደበቅኩ መስሎኝ ነበር ልበል። አንድ ጊዜ ሰዓቴን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "ስሙት፣ ልብ ይመስላል" ያልኳችሁ ጊዜ ምንም አልሰማሁም። የአባቴን ሰዓት ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው። የምሰማ አስመስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን የጨፈንኩት እንዳታዩኝ ነው።

ሰው አጠገቤ መጥቶ ሲያወራ ካልሰማሁ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ወይም እስቃለሁ። ደንቆሮ ከሚሉኝ ደስተኛ ነው ቢሉኝ ይሻላል ብዬ። ከኑረዲን ስንመለስ ተሾመችን "ሌላስ ምን ላይ ስቄያለሁ?" ብዬ ጠየቅኳት።  ቤቴ በር ላይ ስንደርስ ነው "ቀመሪያ ላይ" ያለችኝ።

ቀመሪያ ከማሸጊያ ክፍል፣ እዚያ ከኋላ ቁጭ ብለሻል፣ አይሻለሁ። አንድ ጠዋት ማሽኖቹ እየሠሩ ወደ እኔ መጣሽ። አንድ ነገር አልሽኝ። እኔም ስቄ ትከሻሽን መታ መታ አድርጌ "ጎሽ፣ በጣም ጥሩ፣ ሂጂ ሂጂ" አልኩሽ። ፈቃድ የጠየቅሽኝ ነበር የመሰለኝ፤ ፈቃድም ነበር። ለካ "ወንድሜ ሞተ፣ ወራቤ መሄዴ ነው" ነበር ያልሽኝ።

ከወራቤ ስትመለሺ ሰላም ትይኝ የነበረው ሰላምታ ቀዘቀዘ። እኔም "ቀመሪያ ኮራች" ብዬ ለሰው አውርቻለሁ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው የጆሮ ሐኪም ጋ የሄድኩት። ይኸው፣ ከጆሮዬ ኋላ የተንጠለጠለችውን አይታችኋል። በባትሪ ነው የምትሠራው። ባትሪዋን የለወጠልኝና እንዴት እንደምትበራ ያሳየኝ ጸጋአብ ነው። ሳቁ፣ ፈቅጄላችኋለሁ። መጀመሪያ ቀን አድርጌያት ወደ ማሽን ክፍሉ ስገባ ሮጬ ወጣሁ። እናንተ ይህን ሁሉ ጩኸት ችላችሁ ነው የምትውሉት? ኢንጂነር ሚካል፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ የጆሮ መከላከያውን ልጆቹ ያድርጉት። የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ "ይህ ለፈሪ ነው" ብዬ ስንቱን ያስወለቅኩት እኔ ነኝ።

ጸጋአብንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ለብቻው ነበር፣ አሁን ደግሞ እናንተ ፊት፤ ሰው ፊት ያሳፈሩትን ሰው ጓዳ ውስጥ ይቅርታ መጠየቅ ግማሽ ነውና። ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ? "ጋሽዬ፣ ባትሪውን ስለውጥ ብቻዬን ስቄብሃለሁ፤ ስለዚህ እኩል ነን" አለኝ። እኩል አይደለንም ጸጋአብ። አንተ ሳቅህን ደብቀህልኛል። ከዛሬ ጀምሮ ያን ሰዓትህን ክበብ ውስጥ ከኪስህ አውጣው።

ሰዓቱ ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ኑረዲን ከሌላ አሮጌ ሰዓት የወጣ፣ በልኩ የሚገጥም፣ ደህና ማሽን አግኝቶልኝ ነበር። "እንደ ድሮው በእጅ የሚሞላ ላደርግልዎት?" አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ቢገጠምልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ጣቴ ያን ክብደት ናፍቋል። ግን እንዳለ ተወው አልኩት። እዚያ ውስጥ ያለው አስቴር ዞራ ዞራ ያስገጠመችው ነው። ባትሪው ሲያልቅ አሁን ራሴ እወስደዋለሁ።

አሮጌ ሰዓት ከአዲስ ይሻላል ማለቴን ግን አልተውኩም። ይህን ካልኩማ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። የአያታችሁ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ቆሞ ካገኛችሁት አትጣሉት፣ ለልጅም መጫወቻ አትስጡት፤ ኑረዲን ጋ ውሰዱት። ቢከፈት ይጸዳል፣ ቢጸዳ ይነሳል። ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው በየጠዋቱ በጣቱ የያዘውን ነገር በጣታችሁ መያዝ ደስ ይላል፤ ይህን ደስታ አዲስ ሰዓት አይሰጥም። እሰሩት፣ ውደዱት። ቤታችሁ ያለ ሰው ሳያውቅ ውኃ ውስጥ ቢከተው ግን፣ በዚያው ቀን ማታ ሳይፈራ "ሰዓትህን አጠብኩት" ሊላችሁ እንዲችል አድርጋችሁ ኑሩ። እኔ ይህን አልቻልኩም።

ልጨርስ ነው።

እዚህ ግቢ የምትሠሩ ሁሉ፣ እጃችሁ ከማሽን ይጠበቅ። ጣታችሁን ሙሉ ይዛችሁ ገብታችሁ፣ ሙሉ ይዛችሁ ውጡ። ወላጆች ልጆቻችሁን ለወግ ማዕረግ አብቁ። ያላገባችሁ ሆዳችሁን የምትነግሩት ሰው ይስጣችሁ። የታመመባችሁ ይዳንላችሁ፣ የሄደባችሁን ነፍሱን በገነት ያኑርላችሁ፤ በየቤተ እምነታችሁ የምትለምኑትን ፈጣሪ ይስማችሁ። ፋብሪካው እንጀራችሁ ነውና አይዘጋባችሁ። ከእኔ በኋላ የፈረቃ ኃላፊ የምትሆኚው ማርቲ፣ ከእኔ የተሻልሽ ሁኚ፤ ሰው ሲያናግርሽ ማሽኑን አስቁሚ። ያሳለፍነው ዘመን ይባረክ፣ የሚመጣላችሁ ከእሱ ይብለጥ።

አሁን የምሄድበት ቦታ የለኝም፤ ጊዜ አለኝ። ባለፉት ዓመታት አንድ ነገር ነግራችሁኝ ራሴን ነቅንቄላችሁ፣ ወይም ስቄላችሁ የሄድኩባችሁ ሰዎች ብዙ ናችሁ። እዚያች ጥግ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የነገራችሁኝን መጥታችሁ ድገሙልኝ። ደስታም ከሆነ፣ ሐዘንም ከሆነ፣ ስድብም ከሆነ።

ቀመሪያ፣ አንቺ ቅደሚልኝ። ለቅሶሽን ሳልደርስ ቀርቻለሁ፤ አላህ ይዘንለት። ስሙን እንኳ አላውቅም።

ወንድምሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?